ባህሩን ለብቻ፣ ከተማውን ለብቻ መዝኑ

ሥራዬ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) መግጠምና መጠገን ነው። ትልቅ የባህር ጠረፍ ከተማ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከባህር ርቆ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ውስጥም ሠርቻለሁ። በዚህ ሙያ የሰውን ቤት የማየው በሳሎኑ በኩል ሳይሆን በጣሪያውና በጀርባው ነው። የዛገውን ብረት፣ የሻገተውን ግድግዳ፣ የመብራቱን ሂሳብ ሳይቀባባ አየዋለሁ። በዚህ የተነሳ "ወደ ባህሩ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቅር?" የሚል ወዳጅ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። "ሂድ" ወይም "ይቅርብህ" ብዬ ስልኩን መዝጋት አልችልም። ነገሩ እንደ ሰዉ ነው። መመዘኛውን ግን ላሳያችሁ እችላለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ለያዩ

ሰው "የባህር ጠረፍ ከተማ" ሲል ሁለት ነገር ቀላቅሎ ነው የሚያወራው። አንዱ ባህሩ ነው። ሌላው ትልቁ ከተማ ነው። አንድ ቦታ ስለሚገኙ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚሰጡትም የሚወስዱትም ለየቅል ነው።

ወረቀት አውጡና መሃሉን አስምሩ። በአንድ በኩል "ባህሩ"፣ በሌላ በኩል "ከተማው" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የምትመኙትንም የምትፈሩትንም አንድ በአንድ ወደየቦታው ውሰዱ። ነፋሱ፣ እይታው፣ መዋኘቱ፣ የወደቡ ሥራ የባህሩ ናቸው። ወበቁ፣ ጨዉና ማዕበሉም የሱው ናቸው። ብዙ ቀጣሪ፣ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ የትምህርት ቤት አማራጭ፣ ቀጥታ በረራ፣ ማንም ሳያውቃችሁ መንገድ ላይ እንደ ልብ መራመድ፣ እነዚህ የከተማው ናቸው። የኪራዩ መናር፣ የትራፊኩ መጨናነቅና ጫጫታውም እዚያው ይገባሉ።

ይህን ያደረገ ብዙ ሰው አንድ ነገር ያያል። የሚመኘው በሙሉ ከተማው ስር ተደርድሯል። የሚያማርረው ደግሞ ባህሩ ስር ነው። እንዲህ ከሆነ ጥያቄያችሁ "ባህር ወይስ ሌላ ቦታ?" መሆኑ ቀርቷል። "የትኛው ትልቅ ከተማ?" ሆኗል። ትልቅ ለመሆን ደግሞ ባህር ግድ አይደለም። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከባህር ጠለል 760 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከሳንቶስ ወደብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሕዝብ ብዛት ሪዮ ዴ ጄኔሮን ትበልጣለች። ጆሃንስበርግ ባህርም መርከብ የሚሄድበት ወንዝም የላትም። ሜክሲኮ ሲቲ የተቀመጠችው 2,240 ሜትር ላይ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሥራው ራሱ የባህሩ የሆነ ሰው ማለቴ ነው። መርከበኛ፣ ትራንዚተር፣ የወደብ ክሬን ኦፕሬተር፣ ዓሣ አስጋሪ። እነዚህ ወረቀቱን ቶሎ ይጨርሱታል። የሚቀራቸው ሰፈር መምረጥ ብቻ ነው።

ሥራ፦ ማስታወቂያ ሳይሆን ቀጣሪ ቁጠሩ

መንግሥታት ራሳቸው ይህን ነገር መዝነውታል። ብራዚል በፈረንጆቹ 1960 ዋና ከተማዋን ከሪዮ ወደ ብራዚሊያ ወሰደች። ናይጄሪያ በ1991 ከሌጎስ ወደ አቡጃ። ምያንማር በ2005 ከያንጎን ወደ ኔፒዶ። ታንዛኒያ ከዳሬሰላም ወደ ዶዶማ ለመዛወር የወሰነችው በ1973 ነበር። ኢንዶኔዥያ ከጃካርታ ለመውጣት በ2022 ሕግ አወጣች። ምክንያቱ በየአገሩ ይለያያል፤ መጨናነቅ፣ መሃል አገርን ማልማት፣ ፖለቲካ፣ ጎርፍ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቢሮዎቹ ሲሄዱ ንግዱ አብሮ አልሄደም። ሌጎስ ዛሬም የናይጄሪያ የንግድ ማዕከል ናት። ዳሬሰላምም በአገሯ እንደዚያው። ወደብ ባለበት ዕቃ ይወርዳል። ዕቃ በሚወርድበት ደግሞ መጋዘኑ፣ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱና ጋራዡ ይከተላል።

ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴ አንድ መልስ ላይ አይደርሱም። የራሳችሁን ለማወቅ የሥራ ማስታወቂያ አትቁጠሩ። አንዱ ድርጅት ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ሊያወጣው ይችላል። ቀጣሪ ቁጠሩ። "የገባሁበት መሥሪያ ቤት በስድስት ወር ቢያሰናብተኝ፣ ቤት ሳልቀይር የሚቀጥረኝ ሌላ ስንት አለ?" በሉ። መልሱ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፣ የሕዝቡ ብዛት ምንም ያህል ይሁን፣ ያ ከተማ ለእናንተ ትንሽ ከተማ ነው።

የእኔን ሙያ ልንገራችሁ። ባህሩ ከተማ ውስጥ ኤሲ የሌለው ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ጨዉ ደግሞ ማሽኑን ያለ ዕድሜው ይገድለዋል። ሥራ ዓመቱን ሙሉ አለ። ከፍታው ላይ ኤሲ የሚፈልገው የሰርቨር ክፍል፣ ላቦራቶሪና የመድኃኒት መጋዘን ነው። ደንበኛው ጥቂት ነው። ግን ተወዳዳሪውም ጥቂት ነው፣ ለአንድ ሥራ የሚከፈለውም ይሻላል። ከጨው ጋር ጠብ የለኝም፣ እንጀራዬ ነው። ቤቴ ድረስ ሲመጣ ነው የማልወደው።

ከቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ይህን ክፍል በግማሽ መዝለል ትችላላችሁ። በግማሽ ያልኩት አንዳንድ ቀጣሪ ሠራተኛው ርካሽ ቦታ ሲሄድ ደመወዙንም ስለሚቀንስ ነው። ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ወበቅ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ሙያዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከባህር ከተማ ከተመለሱ ሰዎች ከምሰማው ምክንያት ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። "እንቅልፍ አጣሁ" ይላሉ።

ሙቀቱን ብቻ አትዩ። ደረቅ 33 ዲግሪና እርጥብ 33 ዲግሪ አንድ አይደሉም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ ውሃ ከጠገበ ላቡ አይተንም። ይንጠባጠባል እንጂ አያበርድም። የአየር ትንበያ ላይ "እርጥበት 80 በመቶ" የሚለው ቁጥርም ያሳስታል። የቀዝቃዛ ማለዳ 80 በመቶና የቀትር 80 በመቶ በጣም ይለያያሉ።

መታየት ያለበት የጤዛ ነጥብ የሚባለው ነው። አየሩ እስከ ስንት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ውሃ መቋጠር እንደሚጀምር የሚነግር ቁጥር ነው። ብዙ የስልክ አፖች ዝርዝሩ ውስጥ አላቸው። ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ ምቹ ነው። 21 ሲያልፍ ልብስ ሰውነት ላይ መለጠፍ ይጀምራል። 24ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሌሊቱም አያሳርፍም። ምክንያቱም የሌሊቱ ሙቀት ከጤዛው ነጥብ በታች እምብዛም አይወርድም። የጤዛ ነጥቡ 24 የሆነ ከተማ ውስጥ ሌሊት 18 ዲግሪ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ስለዚህ የዓመቱን አማካይ ሙቀት ተዉት። አማካይ ማንንም አያስተኛም። ሁለት ነገር ፈልጉ። የከባዱን ወር የጤዛ ነጥብ፣ የዚያኑ ወር የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት። ከዚያ አሁን ከምትኖሩበት ቦታ ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ ትርጉም የሚሰጠው ሰውነታችሁ ከሚያውቀው ጋር ሲነጻጸር ነው።

ባህር ሁሉ ደግሞ ወበቅ አይደለም። የፔሩዋ ሊማና የብራዚሏ ሳልቫዶር ሁለቱም ባህር ላይ ናቸው። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብም ተቀራራቢ ቦታ ላይ ናቸው፣ አንዷ 12፣ ሌላዋ 13 ዲግሪ ገደማ። ሳልቫዶር ሞቃትና ዝናባማ ናት። ሊማ ዝናብ የማያውቃት፣ በቀዝቃዛው ወቅት ሰማይዋ በጉም የሚሸፈን፣ ለዘብ ያለች ከተማ ናት። ልዩነቱን ያመጣው ከሊማ ፊት ለፊት የሚፈሰው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ውሃ ነው፤ የሀምቦልት ጅረት ይሉታል። ሳን ፍራንሲስኮም በፈረንጆቹ በጋ ሹራብ ታስለብሳለች። ስለ አንድ ጠረፍ ስትጠይቁ "ፊት ለፊቱ ያለው ውሃ ሞቃት ነው ቀዝቃዛ?" በሉ።

ሌላው የሚሳሳቱበት ነገር፣ ከባህር መራቅ በራሱ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ከፍታ ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሞምባሳ ባህሩ ላይ ናት፤ ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ። በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር ጠዋት ተነስቶ በዚያው ቀን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያደርሳል፣ አየሩ ግን አይገናኝም። ከባህር ርቆ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ያለ ከተማ በበኩሉ በቀን ከባህሩም የባሰ ሊነድ ይችላል። ባህር ሙቀቱንም ብርዱንም ያለዝባል። እሱ የሌለበት ቦታ ቀኑና ሌሊቱ፣ በጋውና ክረምቱ ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ደረቅ አገር ውስጥ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ፋን፣ እርጥብ ንጣፍና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው። የሚበላው መብራት ከኤሲ በጣም ያነሰ ነው። ወበቅ ያለበት ከተማ ውስጥ ይህ ማሽን ዋጋ የለውም፣ በወበቅ ላይ ወበቅ ይጨምራል። ስለዚህ ኤሲ ግድ ይሆናል። ኤሲው ደግሞ አየሩን ከማቀዝቀዝ ሌላ ውሃውንም ማውጣት አለበት፣ ለሱም መብራት ይበላል። በሕንፃው ጎን በቀጭኑ ቱቦ ቀኑን ሙሉ የሚንጠባጠበው እሱ ነው።

ቤት ስታፈላልጉ ኪራዩን ብቻ አትስሙ። የቀድሞውን ተከራይ የከባዱን ወር የመብራት ሂሳብ ጠይቁ። ኪራይ ሲደመር የዚያ ወር መብራት፣ እሱ ነው እውነተኛው ኪራይ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ከተማ ከሆነ "ጀነሬተሩ ኤሲ ይሸከማል?" በሉ። ብዙ ቦታ የሚሸከመው የደረጃ አምፖልና አሳንሰር ብቻ ነው።

"ነፋስ አለ" ይሏችኋል። እውነት ነው፣ አለ። ቀን ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከባህር ወደ ምድር ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል። ግን ዳርቻው ላይ ፎቅ በፎቅ ከተደረደረ ነፋሱን ፊት ለፊት ያለው ይወስደዋል። ከኋላ ሁለተኛው መንገድ ላይ ላለው የሚደርሰው ወበቁ ነው። ቤት ስታዩ መስኮት ከፍታችሁ ቁሙ። ከቀትር በኋላ መጋረጃው ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ጊዜም አይንቀሳቀስም።

ጨው

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ደላላው ወደ በረንዳው ይወስዳችኋል። እናንተ የጎረቤቱን ኤሲ እዩ። ውጭ የተሰቀለው ክፍል ጀርባ ላይ ቀጫጭን የአልሙኒየም ክንፎች አሉ። ነጭ ዱቄት ካወጡ፣ በጣት ሲነኩም እንደ ደረቅ ቅጠል ከተፈረፈሩ፣ ጨው እዚያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ክንፎቹ አልሙኒየም፣ ውስጣቸው የሚያልፈው ቱቦ መዳብ ነው። ሁለት የተለያየ ብረት በጨዋማ እርጥበት ሲገናኝ አንዱ ይበላል። የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ከዚያ ማሽኑ ሙቀት ማስወጣት ያቅተዋል፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ሞተር) ያለ እረፍት ይሠራል፣ የመብራቱ ሂሳብ ይወጣል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። በየወሩ በንጹህ ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ ዕድሜውን ያረዝማል። ኃይለኛ ግፊት ባለው ውሃ አይደለም፣ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ውረዱና ጣሪያውንና ምሰሶዎቹን እዩ። ጨው ኮንክሪቱን አልፎ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው ጋ ሲደርስ ፌሮው ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ፌሮውን ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ፣ ቡናማ ውሃ የወረደበት መስመር፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ካያችሁ ልትገዙ ከሆነ መሐንዲስ ጥሩ። ልትከራዩ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ። አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። እንዲያውም መኪና ማቆሚያው ብቻ አዲስ ከተቀባ እኔ እጠራጠራለሁ።

የመስኮት ማጠፊያ፣ የበር ቁልፍ፣ የመኪና ሆድ፣ ቴሌቪዥን ሳይቀር ዕድሜው ያጥራል። ጨው የሚበረታው ሞገዱ ከሚሰበርበት ዳርቻ ጀምሮ ባሉት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ማለት ከወበቁ አያድንም፣ ከጨው ግን ብዙ ያድናል። ለዚህ ነው ዳርቻው ላይ ያለ ቤት ውድ ሆኖ ሳለ ቶሎ የሚያረጀው።

ውሃ ከየትም ይመጣል

"ከባህሩ ስንት ሜትር ይርቃል?" ከማለት "ከባህር ጠለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል?" ማለት ይሻላል። ስልክ ላይ ባለ ካርታ ይታያል። የሚያጥለቀልቀው ውሃም ሁልጊዜ ከባህር አይመጣም። ሙምባይ ላይ ጁላይ 26 ቀን 2005 በ24 ሰዓት ውስጥ 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። የዝናብ ውሃ ወደ ባህር መውጣት የሚችለው ባህሩ ዝቅ ሲል ነው። ባህሩ በሞላበት ሰዓት ቦዩ ይዘጋና ውሃው ከተማ ውስጥ ይተኛል።

ኒውዮርክ ላይ በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሲመታ ባህሩ የምድር ውስጥ ባቡሩን ዋሻዎች ሞላ። ውሃው ከሄደ በኋላም መብራት ያልመጣላቸው ሕንፃዎች ነበሩ፣ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ዕቃቸው ከምድር በታች ባለው ወለል ነበር። አሥረኛ ፎቅ ላይ ብትከራዩም "የመብራት ማከፋፈያው፣ ጀነሬተሩና የውሃ ፓምፑ የት ነው ያለው?" በሉ። ከምድር በታች ከሆነ እናንተም በአንድ ነገር ከምድር በታች ናችሁ።

መሬቱም የሚሰምጥበት ቦታ አለ። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባህር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። በሰሜን ጃካርታ አንዳንድ ሰፈሮች ግን መሬቱ በአንድ ዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰመጠበት ጊዜ ነበር። ትልቁ ምክንያት የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ልክ መሳቡ ነው። የቶኪዮ ዝቅተኛ ሰፈሮችም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከ4 ሜትር በላይ የሰመጠ ቦታ ነበራቸው። ፓምፑ በሕግ ሲገደብ መስመጡ ቆመ። ስለዚህ ጎርፍን የምትጠይቁ ሰዎች "ከተማው ውሃ ከየት ይጠጣል?" ብላችሁ ጀምሩ። ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ የሚስብ ከሆነ ሁለት ነገር ይመጣል። መሬቱ ይወርዳል፣ የጉድጓዱም ውሃ ጨዋማ ይሆናል። ጠረፍ ላይ ንጹሁ ውሃ ከጨዋማው በላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ከላይ በ1 ሜትር ሲቀንስ ከታች ጨዋማው እስከ 40 ሜትር ሊነሳ ይችላል። ገላ ስትታጠቡ ሳሙናው አረፋ ካልሰጠ፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከባህር አጠገብ ሆኖ ውሃ መጥማት ቀልድ ይመስላል እንጂ ኬፕታውን በ2018 ነዋሪዎቿን በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሊትር ላይ ገድባ ነበር።

የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። ጠረፍ ላይ ተከራዩ፣ ቶሎ አትግዙ። ተከራይ የከፋ ወቅት ሲያይ ይወጣል። የገዛ ሰው እዳውን ለመጨረስ ሃያና ሰላሳ ዓመት ከውሃው ጋር ይኖራል። የግድ ከገዛችሁ የኢንሹራንስ ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስ ሰጪ እምቢ ያለውን ሰፈር ደላላ ቢያሞግሰው አትስሙ።

መንገዱ

አንዲት የቆየች ደንበኛዬ "ባህሩን የማየው እንግዳ ሲመጣብኝ ብቻ ነው" ትለኛለች። ማሽኗን ስጠግን ሁልጊዜ እያማረረች የምታወራው ስለ መንገዱ ነው። አይፈረድባትም። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ በአራቱም አቅጣጫ ይሰፋል። የጠረፍ ከተማ ግማሹ ውሃ ነው። መሃሉ ዳር ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከአንድ ወገን ነው የሚገባው። ሙምባይ ቀጭን ልሳነ ምድር ላይ ስለተዘረጋች ባቡሮቿ ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ማታ ወደ ሰሜን ይጨናነቃሉ። ሌጎስ ደሴቶቿንና ዋናውን ምድር የሚያገናኙት ድልድዮች ናቸው፣ አንዱ ብቻውን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞምባሳም ደሴት ናት፣ በሊኮኒ በኩል የሚገባ ሰው ጀልባ ይጠብቃል። አንድ ድልድይ ላይ መኪና ከተበላሸ ቀናችሁ ተበላሸ።

ካርታ ላይ ከቤት እስከ ሥራ የሚሻገሩትን ድልድይ፣ መሿለኪያና ጀልባ ቁጠሩ። ከአንድ በላይ ከሆነ ሰፈር ቀይሩ። ከዚያ መንገዱን ሰኞ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ሞክሩት። እሁድ ከሰዓት የሞከረ ምንም አልሞከረም።

ሌላውም ቦታ ገነት አይደለም

ባህሩን ስወቅስ ቆይቻለሁና ሚዛኑን ላስተካክል። በተራራ የተከበበ ከተማ ጭሱን ይዞ ይቀመጣል። በብርድ ወራት ሞቃት አየር ከላይ ስለሚከድነው መውጫ የለውም። ዴልሂ በተራራ ባትከበብም በእነዚህ ወራት ምን እንደምትመስል ዓለም ያውቀዋል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ከወበቅ በፊት ይህን እዩ። ሜክሲኮ ሲቲም ባህር ሳይነካት አንዳንድ ሰፈሮቿ በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣሉ። የቆመችው በድሮ ሐይቅ ወለል ላይ ሆኖ ውሃውን ከሥሯ ስለምትስብ ነው። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የልብና የሳንባ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ሐኪም ሳያማክር መሄድ የለበትም። ወንዝ ዳር ያለ ከተማም ይጥለቀለቃል።

ሞክሩት

ከመወሰናችሁ በፊት በከባዱ ወር ሂዱ። ሁሉም ሰው በመልካሙ ወቅት ሄዶ ይወዳል። ከተቻለ አንድ ወር ቆዩ፣ ካልተቻለ ሁለት ሳምንት። ዳርቻው ላይ ሆቴል አትያዙ። ልትከራዩ በምትችሉት ዋጋ፣ ልትኖሩ በምትችሉት ሰፈር ክፍል ያዙ። አንዳንድ ሌሊት ኤሲውን አጥፍታችሁ ተኙ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። እንደ ነዋሪ ኑሩ። ሥራ ወደሚኖርበት አካባቢ ተመላለሱ፣ ሐኪም ቤቱን እዩ፣ ልብስ አጥባችሁ ስንት ሰዓት እንደሚደርቅ እዩ። ማታ ማታ ያቺን ሁለት ዓምድ ወረቀት አውጡና ቀኑን ሙሉ ያስደሰታችሁንና ያናደዳችሁን በየቦታው ጨምሩ። ትዳር ካላችሁ ሁለታችሁም ለየብቻ ጻፉ፣ ሳትነጋገሩ። ቤት የሚውለውና ቢሮ የሚውለው ስለ አንድ ከተማ የሚጽፉት አይመሳሰልም። ቤት የሚውለው ሰው ወረቀት ይብለጥ ባይ ነኝ፣ ሙቀቱን የሚችለው እሱ ስለሆነ።

ባህሩ ስር የጻፋችሁት ደስታ ከበዛ ሂዱ፣ ጨዉንም ወበቁንም ትችሉታላችሁ። ደስታው ከተማው ስር ብቻ ከሆነ ከባህር የራቁትን ትልልቅ ከተሞች በዚሁ ወረቀት መዝኑ። ባህር እየወደዳችሁ ትልቁን ከተማ ካልቻላችሁት ከዋናው ወደብ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚርቁ ትንንሽ የጠረፍ ከተሞች አሉ። ቀጣሪ ያንሳል፣ ድልድይም ያንሳል። ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ መመለስም ነውር የለበትም። ያን ከመረጣችሁ ግን ቀኑን አሁኑኑ ጻፉትና የቤት ዕቃ አታብዙ።

ውል ልትፈርሙ ስትቀመጡ ደግሞ ሁለት ነገር ይግባ። የኤሲው ጥገና፣ የጋዝ መሙያውና የኮምፕረሰሩ ቅያሪ በአከራዩ ወይስ በተከራዩ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ውጭ ያለው ክፍል እጅ የሚደርስበት ቦታ እንዲሰቀል። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳው ውጭ ተንጠልጥሎ መሰላል የማይደርስበት ከሆነ ማንም አያጥበውም፣ እኔም ብሆን።